በረዶው ሳይቀልጥ የሚደርሰን ለምንድን ነው?

የዛሬው ዝግጅት በጉለሌ ዳር፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ድንችና ጎመን ለምታለሙ፣ ገብስ ለምትዘሩ፣ በግና ላም ለምታረቡ ወገኖቻችን ነው። የምናወራው በረዶ ስለቀላቀለ ወጀብ ነው።

በረዶ እኛ ላይ የሚበረታው በከፍታችን ምክንያት ነው። በአገራችን ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5,000 ሜትር ይጠጋል፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ወደ ቆላ የሚወርድ በረዶ ብዙ ሞቃት አየር ስለሚያቋርጥ አብዛኛው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን መንገዱ አጭር ነውና እንደረጋ ያርፋል። ተለቅ ያለውን የበረዶ ፍሬ ለሁለት ብትከፍሉት እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። ነጩ ንብርብር ቶሎ ረግቶ አየር ያፈነ ነው፤ ጥርት ያለው ቀስ ብሎ የረጋ። ዳመናው ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ፍሬውን ይዞ ስለሚያቆየው፣ ክብደቱ እስኪያሸንፈው ድረስ እየተደራረበ ያድጋል።

ረፋዱን ፀሐይዋ ከከረረች፣ ከሰዓት በኋላ ዳመናው ከጠቆረና ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ የቀራችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። እባካችሁ በዚያች ጊዜ ችግኝ ልሸፍን ብላችሁ ወደ ማሳ አትሩጡ። ችግኝ ይተካል። ልጆችን ከወንዝ ዳር ጥሩ፤ ከብቱንም ከዛፍ ሥር አውጡ። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በመሬት ላይ ይሰራጫል። የላም የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ ኃይሉ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልቧ በኩል ያልፋል። ከዛፍ ሥር የተጠጋ መንጋ ባንዴ የሚያልቀው በዚህ ነው። ከሽቦ አጥርም አርቋቸው። ነጎድጓድ ከተሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ፤ የመጨረሻውን ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቤት ቆዩ።

ጎርፉ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዳገቱ የወረደው ውሃ በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች በኩል ወደ መሃል ከተማ ይዘልቃል። በነሐሴ 2013 በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ሲወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ዶፉ የሚሰርግበት አጥቶ ይንደረደራል። ይህን የምለው ቅጠል ለቅመው የሚያድሩትን እናቶች ለመውቀስ አይደለም፤ ኑሯቸው ነው። ሆኖም በጉለሌ እጽዋት ማዕከል እንደሚደረገው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መልሶ መትከል ለታችኛው ሰፈርም ዋስትና ነው። ከማሳችሁ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከሰኔ በፊት ቆፍሩ፤ አፉን ግን ወደ ጎረቤት ማሳ አታዙሩት።

ወጀቡ ካለፈ በኋላ ከችግኝ ሥር የተከማቸውን በረዶ አንሡ፤ የቆመውን ውሃ አጠንፍፉ። ቅጠሉ የረገፈ ድንች የሞተ ይመስላል፤ ቸኩላችሁ አትንቀሉት። ገና ለጋ ከሆነ ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተቀደደ ቅጠል ለበሽታ በር ይከፍታልና በየቀኑ እየዞራችሁ እዩት፤ የጠቆረ ካያችሁ ለአካባቢያችሁ የግብርና ባለሙያ ንገሩ። ያሸተ ገብስ አገዳው ከተሰበረ ግን ፍሬ አይሰጥም፤ ሳይበሰብስ አጭዳችሁ ለከብት አውሉት።