የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስንዘጋ መሬቱንና ወንዙን እንዴት እንመልስ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ዋዜማ ከዩኒየኑ የቡና ዝግጅት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ተከፈቱ ነገሮች ተናግረዋል፤ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ አዲሱ መፈልፈያ፣ ስለ ተሠራው መንገድ። የሚገባም ነው። እኔ ግን ስለ መዝጋት እንድናገር ታዝዣለሁ። በበዓል ቀን ይህን ማንሣት ደስ ላያሰኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ነገ ጉባኤው ከሚወስንባቸው አጀንዳዎች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት በመሆኑ ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እንደምታውቁት ሁለቱ አሮጌ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቻችን ሥራ አቁመዋል። ውኃ ቆጣቢው መፈልፈያ ሥራ ስለ ጀመረ ቡናው ወደዚያ ይሄዳል። አሁን የቀረበው ሐሳብ መፈልፈያዎቹ፣ ጄኔሬተሮቹ፣ ቆርቆሮውና ሽቦው በጨረታ ተሸጠው ገንዘቡ ለአባላት ይከፋፈል የሚል ነው። ገንዘቡ የአባላት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ የምጠይቀው ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳችን ተከፍሏል ወይ ብዬ ነው። ዕዳ ስል የባንኩን ማለቴ አይደለም። ለመሬቱና ለወንዙ ያለብንን ማለቴ ነው።

ከአንድ ስህተት የተማርነው

ወደዚህ ዩኒየን ከመምጣቴ በፊት በሌላ ቦታ አንድ ጣቢያ ሲዘጋ በሥራው ላይ ነበርኩ። የርክክቡን ሰነድ ከፈረሙት አንዱም እኔ ነኝ። ገዢው በሦስት ቀን ብረቱን ነቅሎ ጭኖ ሄደ። ከጄኔሬተሩ የወጣው የተቃጠለ ዘይት እዚያው መሬት ላይ ፈሰሰ። የፍሳሽ ኩሬዎቹ እንደ ተከፈቱ ቀሩ። እኛም ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ ማኅተም አድርገን፣ «ጣቢያው ተዘግቷል» ብለን ሪፖርት አደረግን።

ክረምቱ ሲገባ ኩሬው ሞልቶ ግድቡን ጣሰ። ከታች ያለው ምንጭ ጠቆረ፣ ሸተተ። ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት ዳገቱን መውጣት ግድ ሆነባቸው። አንዲት ላም ኩሬው ውስጥ ገብታ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት በዚያ ሳልፍ ከመሬቱ ባለይዞታዎች አንዷ የሆኑ እናት አስቁመው «ልጄ፣ ያኔ ቡና የቆመበት መሬት ነው የሰጠናችሁ፤ ጉድጓድ ነው የምትመልሱልን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ ጥያቄ በእኛ አባላት ዘንድ እንዳይደገም ብዬ ነው።

ትተን የምንሄደው ምንድን ነው?

ማሽኑ ሲቆም ብክለቱም የሚቆም ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ነው። በአንድ ወቅት 500 ሺህ ኪሎ እሸት የተቀበለ ጣቢያ ወደ 200 ሺህ ኪሎ እርጥብ ገለፈት ያወጣል ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ሲከማች የቆየ ነው።

ፍሳሹ ደግሞ ከቡናው ላይ የሚታጠበውን የሚያሙለጨልጭ ማር ይዞ ይሄዳል። ማሩ ስኳርነት ስላለው ሲብላላ ይኮመጥጣል። ወንዝ ሲገባም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይህን ስኳር ሲመገቡ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። ዓሣውና የውኃ ነፍሳቱ የሚሞቱት፣ ውኃውም የሚጠቁረውና የሚሸተው ለዚህ ነው። የኩሬው ደለል ይህንኑ ነገር ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣ ይለቀዋል።

ከዚህ በተጨማሪ በሁለቱ ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ የናፍጣ ታንከር፣ የተቃጠለ ዘይት የያዙ በርሜሎች፣ አሲድና እርሳስ ያለባቸው አሮጌ ባትሪዎች፣ ጥልቅ የመጸዳጃ ጉድጓዶች አሉ። በአንደኛው ግቢ ደግሞ ከድሮው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር የተረፈ መጋዘን አለ። በውስጡ ጽሑፋቸው የተላጠ የፀረ ተባይ ኬሚካል ጣሳዎችና ከረጢቶች ተገኝተዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። ለአንበጣና ለተምች ተብሎ ለብዙ ዓመታት የገባው ኬሚካል ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። በ1990ዎቹ በተካሄደው የማስወገድ ፕሮጀክት ወደ 1500 ቶን የሚጠጋ ኬሚካል ከየቦታው ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተጉዞ በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ እንዲቃጠል ተደርጓል። ኬሚካሉን በጊዜው ባለማስወገዳችን ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መሄድ ግድ ሆነ። ስለዚህ ማንም አባል «ጥቂት ናት» ብሎ እንዳይቀብራት፣ እንዳያቃጥላት፣ ጣሳውንም ለውኃ መቅጃ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ። ሜዳ ላይ የተቃጠለ ኬሚካል ጭሱ ራሱ መርዝ ነው።

ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይሠራ?

አንደኛ፣ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ቆጠራ ይደረግ። በግቢው ያለው ሁሉ ይመዝገብ። የኩሬዎቹ፣ የታንከሩ፣ የጉድጓዶቹና የምንጮቹ ቦታ በወረቀት ይሣል። በዕድሜ የገፉ አባቶችና ድሮ በጣቢያው የሠሩ ዘበኞች ይጠየቁ። የተቀበረን ነገር ከመዝገብ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ከጣቢያው በላይና በታች ካለው ውኃ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። መነሻውን ካላወቅን መሻሻሉን ማሳየት አንችልም።

ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ከብረቱ ይቅደም። ናፍጣውና የተቃጠለው ዘይት በማያፈስ በርሜል ተቀድቶ፣ በምን እንደ ተሞላ ተጽፎበት፣ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ባለው ቦታ ይቀመጥ። ዘይት የጠጣው አፈር ተቆፍሮ ለብቻው ይነሣ፤ ከኮምፖስት ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። እዚህ ላይ ስለ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ባዶ ነው የተባለ የናፍጣ ታንከር ውስጡ የቀረው ትነት በኦክስጅን ሲቆረጥ ሊፈነዳ ይችላል። ታጥቦ አየር ሳያገኝ እሳት አይቅረበው። እንዲሁም በጥልቅ ጉድጓድና በተዘጋ ታንከር ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ገብቶ የወደቀውንም ሊያወጣው የወረደውንም ይገድላል። ማንም ብቻውን አይግባ፤ ያለ ባለሙያና ያለ መሣሪያ ደግሞ ከነጭራሹ አይግባ።

ሦስተኛ፣ የአሮጌው መጋዘን በር ተቆልፎ ይቆይ፤ ለሚመለከተው የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይገለጽ። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ አይጠረግ፣ ወለሉም አይሰበር። ለዓመታት የፈሰሰውን ሲሚንቶው ጠጥቶታልና ሲሰበር አቧራው ከሠራተኛው ሳንባ ይገባል።

አራተኛ፣ ኩሬዎቹ። ትክክለኛው ጊዜ ቡናው ከተለቀመ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። ውኃው በፀሐይ ይትነን እንጂ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ደለሉ ሲደርቅ ወጥቶ ከወንዝ ራቅ ባለ ቦታ ይዘርጋ። ኮምጣጣነቱ እየተለካ ኖራ ይጨመርበት። ከዚያም ከአሮጌው ገለፈት፣ ከከብት ፍግና ከቅጠል ጋር ተደራርቦ፣ እየተገላበጠ ለወራት ይብላላ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወደ ቡናችን እግር ይመለሳል፤ ከቡና የወጣ ለቡና ይሆናል። ባዶው ጉድጓድ በንብርብር አፈር እየተሞላ ይጠቅጠቅ። ለም የሆነው የላይ አፈር መጨረሻ ላይ ይልበስ። በዳርቻው በኩል ቬቲቨር ሣር በደንብ ተቀራርቦ ይተከል፤ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈሩን ይይዛል፣ ከዳገት የሚወርደውንም ያጣራል። ይህ ሁሉ ከበልግ ዝናብ በፊት ማለቅ አለበት።

አምስተኛ፣ የሚጠቅመው ይጥቀም። የማድረቂያ አልጋ እንጨትና ሽቦ ለአባላት ይሁን። ከማብላያ ገንዳዎቹ ደህና የሆኑት ለኮምፖስት ማዘጋጃ ያገለግላሉ። ፍርስራሹ ድንጋይና ኮንክሪት ዘይትና ኬሚካል ያልነካው ከሆነ ለመንገዱ ሙሊት ይውላል።

ወጪው ከየት ይምጣ?

አንዳንድ አባላት «ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ድርሻችንን ይበላብናል» ብለውኛል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ዘንድሮ ብር የማያስፈልገው ቤት የለም። ነገር ግን የሚቀርበው የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሙሉ ትርፍ አይደለም። የማጽዳቱ ሥራ ከዚያው ዋጋ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። ዛሬ ካልከፈልነው ነገ ውኃ የሚቀዱት እናቶችና ከብት የሚያጠጡት ልጆች ይከፍሉታል። ገንዘቡን የምንከፋፈለው ሁላችን፣ ጉዳቱን የሚሸከሙት ግን ከጣቢያው በታች ያሉት ጥቂት ቤቶች ብቻ ከሆኑ ኅብረት ሥራ ማለት ምን ትርጉም ይኖረዋል? እነርሱም እኮ አባሎቻችን ናቸው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድድ መርህ አስቀምጧል። ተገደን ከምንሠራው ወደን ብንሠራው ይረክሳልም፣ ያስከብራልም። ቡናችንን የሚገዙ የውጭ ደንበኞችም እንዴት እንዳጠብን ብቻ ሳይሆን ፍሳሹን የት እንዳደረግን ይጠይቁናል።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

በነገው ዕለት ጉባኤው ቢወስናቸው የምላቸው አራት ነጥቦች ናቸው።

1. ከሽያጩ ገንዘብ አንድ አምስተኛው በተለየ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ ለማጽዳቱ ሥራ ብቻ ይዋል። የቀረው ይከፋፈል። ሥራው አልቆ የተረፈ ካለም ለአባላት ይመለስ።

2. ከገዢው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ዘይት፣ ባትሪና ቆሻሻ ጥሎ እንዳይሄድ ይጻፍ፤ ማስያዣ ገንዘብም ይያዝበት። ማስያዣው የሚለቀቀው ግቢው ታይቶ ሲረጋገጥ ይሁን።

3. ርክክቡን ቦርዱ ብቻውን አይፈርም። የቁጥጥር ኮሚቴው፣ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ መሬቱን የሰጡት ቤተሰቦችና ከታች ካለው ምንጭ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች አብረው ይፈርሙ። ፊርማውም ከአንድ ክረምት በኋላ ይሁን። ዝናብ ያልፈተነው ሥራ አልቋል አይባልም።

4. ለአዲሱ መፈልፈያ ከአሁኑ ጀምሮ ከየወቅቱ ገቢ ጥቂት እየተቀነሰ የመዝጊያ ተቀማጭ ይከፈት። አዲሱም አንድ ቀን ያረጃል። ያን ጊዜ ልጆቻችን ዛሬ እኛ የምንከራከርበትን እንዳይከራከሩበት ነው።

ክቡራን የወረዳ አመራሮች፣ ከእናንተም የምንጠይቀው አለ። የውኃውን ናሙና በማስመርመር፣ የመጋዘኑን ኬሚካል ለሚመለከተው ክፍል በማሳወቅና መሬቱ ሲጸዳ ለባለይዞታዎቹ የሚመለስበትን ሰነድ በማዘጋጀት እንድታግዙን እንጠይቃለን። እኛ አጽድተን ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ከተኛ ድካማችን ከንቱ ይሆናል።

ክቡራትና ክቡራን፣

እነዚህ ጣቢያዎች ሲከፈቱ በሬ ታርዷል፣ ተጨፍሯል። መሬታቸውን የሰጡ አባወራዎችና እማወራዎች ያኔ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ተመስግነዋል። ሲዘጋም በዚያው ክብር እንዲሆን እመኛለሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ቦታ ቡናና እንሰት ቆሞ፣ ከታች ያለው ምንጭ ጠርቶ ስናይ ጣቢያውን በእርግጥ ዘግተነዋል እንላለን። ያን ጊዜ እኔም ከዓመታት በፊት መልስ ላጣሁላቸው እናት ዘግይቶም ቢሆን የምነግራቸው ነገር ይኖረኛል።