በዝርዝሩ ላይ የሌለችው እህታችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ የመንግሥት የድጋፍ ገንዘብ ነው። የምንነጋገረው ስለ ገንዘቡ ብዛት ሳይሆን እንዴት እንደሚታቀድና ለማን እንደሚደርስ ነው። ብዙዎቻችን ይህን የቢሮ ሰዎች ሥራ አድርገን እናየው ነበር። ማኅበራችን ከመንግሥት የተመደበ የሥራ መነሻ ድጋፍ ለአባላቱ እንዲያከፋፍል ኃላፊነት ከተሰጠው ወዲህ ግን እኛም መስፈርት የምናወጣ፣ የምንመዘግብና የምንከለክል ሆነናል። በዚህ ሥራ ተሳስተናል። ስህተታችንን በግልጽ ልንነግራችሁ ነው የቆምነው።

መጀመሪያ አገራችን ከዚህ በፊት የሄደችበትን መንገድ እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት፣ የምግብ እርዳታ የሚመጣው በየዓመቱ አስቸኳይ ጥሪ ከተላለፈ በኋላ ነበር። እርዳታው ሲዘገይ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይጠብቃል። የሴፍቲኔት ትልቁ ሐሳብ ቤተሰቡ የሚያገኘውን ድጋፍ አስቀድሞ ይወቅ የሚል ነው። መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችልና ጧሪ የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በኋላ በተሻሻለው መመሪያ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ፣ ሕፃኗ 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሳትሠራ ድጋፉን እንድታገኝ ተደርጓል። ሴቶች የቤት ሥራ ስላለባቸው የሥራ ጫናቸው ከወንዶች እንዲያንስም ተወስኗል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህች ሴት በዚህ ሰዓት የት ናት?» ብሎ ካልጠየቀ እንዲህ ያለ አንቀጽ አይጻፍም።

የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን፣ አዳማን፣ ደሴንና ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ ጀመረ። ተጠቃሚዎቹ ከሚከፈላቸው 20 በመቶ ይቆጥቡ ነበር። ከዚያ ሥልጠና ወስደው፣ የሥራ ዕቅድ አቅርበው፣ ከ500 ዶላር ጋር የሚመጣጠን የመነሻ ገንዘብ በብር ያገኙ ነበር። ይህ ገንዘብ ብድር አልነበረም፣ አይመለስም ነበር። ንድፉ መልካም ነው። ሆኖም ምዝገባውም፣ ቁጠባውም፣ ሥልጠናውም፣ ዕቅዱም እያንዳንዳቸው አንድ በር ናቸው። በር በበዛ ቁጥር ደጅ የሚቀር ሰው ይኖራል።

በዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው የማይገባው ሰው ሲያገኝ ነው። ሁለተኛው የሚገባት ሴት ስትቀር ነው። የመጀመሪያው በቀላሉ ይታያል። ሰውዬው ስሙ በዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል፤ ፈርሟል፤ ኦዲተርም ጎረቤትም ሊያገኘው ይችላል። የቀረችው ሴት ግን የትም አልተጻፈችም። ስለዚህ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሁሉ የመጀመሪያውን ስህተት እየፈራ ወረቀት ይጨምራል። እያንዳንዱ የተጨመረ ወረቀት ሁለተኛውን ስህተት ያበዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ቁጥጥር አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን ቁጥጥሩ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለብን።

እኛ አልጠየቅንም። በመጀመሪያው ዙር የከተማ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተጻፈ የሥራ ዕቅድና ደመወዝተኛ ዋስ ጠየቅን። ሥልጠናውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አደረግን። ገንዘቡ በሙሉ ታደለ፣ ሒሳቡ ተመረመረ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። በደስታ አጨበጨብን።

ከመካከላችን ለ6 ዓመት አንድ ሳምንት እንኳ ቁጠባዋን ያላቋረጠች እህት አለች። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ፈቅዳልን ነው የምንናገረው፤ ስሟን ግን አንጠራም። እሷ ለድጋፉ አላመለከተችም። በዚያው ክረምት ምጣዷ ተቃጠለባትና አራጣ ተበደረች። ይህን የሰማነው ብዙ ቆይተን ነው። ለምን እንዳላመለከተች ስንጠይቃት «መታወቂያዬ የገጠር ነው፤ የምከራየው ያለ ውል ነው፤ ጠዋት እንጀራ አስረክባለሁ፤ ደመወዝተኛ ማንን አውቃለሁ? ማስታወቂያው ሲነበብ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ» አለችን። ገንዘቡ የመጣው ለእንደሷ ዓይነት ሴት ነበር። እኛ ደግሞ ለስድስት ዓመት በየሳምንቱ ከእጇ ገንዘብ እየተቀበልን አናውቃትም የሚል መስፈርት አወጣን።

በሁለተኛው ዙር ይህን ለወጥን። አንደኛ፣ ዋስ ቀረ። ለማይመለስ ገንዘብ ዋስ ለምን እንደጠየቅን ስንመረምር፣ ቅጹን ከብድር ማመልከቻ ላይ ገልብጠነው ኖሯል። ሁለተኛ፣ የቁጠባ ደብተሯና የቡድኗ ምስክርነት በመታወቂያና በኪራይ ውል ፋንታ ተቆጠረ። ሦስተኛ፣ ዕቅዷን በቃል ትናገራለች፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ሥልጠናውም ከሰዓት በኋላ ሆነ። አራተኛ፣ ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው የሚለቀቀው ደረሰኝ ታይቶ ሳይሆን ሥራዋ ቦታው ድረስ ተሄዶ ታይቶ ነው፤ ከገበያ ጤፍና ማገዶ የምትገዛ ሴት ደረሰኝ ከየት ታመጣለች? አምስተኛ፣ የተመረጡትም ያልተመረጡትም ስም ከነምክንያቱ ከመጽደቁ በፊት በቢሯችን በር ላይ ይለጠፋል። አቤቱታውን የሚሰሙት በምርጫው ያልተሳተፉ አባላት ናቸው።

ለደጋፊዎቻችን ሳንደብቅ እንናገር። በሁለተኛው ዙር ሁለት ሴቶች ገንዘቡን ለታሰበለት ሥራ አላዋሉትም። አንዷ የተጠራቀመ የቤት ኪራይ ከፈለችበት፣ ሌላዋ ወደ አገር ቤቷ ሄደች። ይህ በሪፖርታችን ላይ ተጽፏል። ከመካከላችን «የድሮው ዋስ ቢኖር ይህ ባልሆነ» የሚሉ አሉ፤ አይሳሳቱም። ነገር ግን የሁለቱን ቆጥረን ማወቅ ችለናል። በመጀመሪያው ዙር ስንት ሴት እንደቀረች ግን እስከ ዛሬ አናውቅም፤ አልመዘገብናትምና።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ እሱም ጊዜ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ገንዘቡ ዘግይቶ ሲለቀቅ ግንቦትና ሰኔ የጥድፊያ ወር ይሆናሉ፤ ሥልጠናው ያጥራል፣ ምልመላው ይቸኩላል። ጉልት የምትቀመጥ ሴት ሥራ የምትጀምረው ዝናቡ ሲጀምር ይሆናል። ዕቃዋ በላስቲክ ሥር ተሸፍኖ ክረምቱን ስትበላው ትከርማለች። ያው ገንዘብ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢደርሳት ለገና ገበያ ትዘጋጅበት ነበር።

ስለዚህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለደጋፊዎቻችን ሁለት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው፣ ገንዘቡ ከበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንዲለቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ በሪፖርት ቅጹ ላይ «ስንት ሰው አገኘ» ከሚለው ቀጥሎ «ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ነው። ያ መስመር ባዶ ሆኖ ከመጣ አመስግናችሁ አትለፉን፤ ጠይቁን።

ከአባላት የምንፈልገው ይህ ነው። የሦስተኛው ዙር ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንታዊ ስብሰባው ላይ «ከእኛ ውስጥ የማታመለክት ማን ናት?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቷን ከራሷ አፍ ሰምታችሁ ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። አፍራ ዝም የምትል ካለች ቤቷ ድረስ ሂዱ። እንጀራ የምትጋግረው እህታችን በሁለተኛው ዙር አዲስ ምጣድ ገዝታለች፤ የአራጣውን ዕዳ ግን ገና እየከፈለች ነው። በዚህ ዙር የአቤቱታ ሰሚው ቡድን አባል እንድትሆን ጠይቀናት እሺ ብላናለች።