ጽጌረዳ በጀጎል ግቢ፦ ስለ ዝርያ ምርጫና ስለ ውኃ
ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ስለ ጽጌረዳ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ጥቂት አመንትቻለሁ። ሰው ጀሪካን ይዞ ወረፋ በሚጠብቅባት ከተማ ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይሁንና ይህንኑ ማመንታት የንግግሬ መነሻ ላደርገው ወደድሁ። ውኃ በሚያጥርበት ስፍራ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ጽጌረዳ መትከል ይገባልን? የሚገባስ ከሆነ የትኛውን?

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው። የሐረሪዎች ሰፊ የአትክልት ቦታ ከጥንት ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ነበር፤ በግንቡ ውስጥ ላለ ቤተሰብ የሚተርፈው በድንጋይ አጥር የተከበበ ግቢ ብቻ ነው። በእናቴ ግቢ አራት የጽጌረዳ ቍጥቋጦዎች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ሦስቱ ሞቱ። በሕይወት የቀረው፣ ለውዱእ የምንታጠብበት ድንጋይ ሥር የተተከለው ሐምራዊ ጽጌረዳ ነበር። ሳሙና ያልነካው ውኃ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሥሩ ይወርድ ነበር። እናቴ ለአበባው ብላ አንዲት ጣሳ አልቀዳችም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው፦ ጽጌረዳ በግቢያችን የሚገባው አንድ ጊዜ ያገለገለ ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ቦታ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውኃ ግን አይመከርም፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ጨው እየተጠራቀመ አፈሩን ያበላሻል።

ወደ ዝርያው እንለፍ። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ይኖርብኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከጣይፍ የጽጌረዳ ችግኝ አመጣልኝ። የጣይፍ ጽጌረዳ ከደማስቆ ጽጌረዳ ወገን ነው፤ የጽጌረዳ ውኃና ሽቱ የሚወጣው ከእርሱ ነው። የጣይፍ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከሐረር ከፍታ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም 1,900 ሜትር ገደማ ናቸው። እኔም ከፍታው ከተመሳሰለ ተክሉም ይስማማዋል ብዬ አሰብሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ አየሁ።

ምክንያቱ ከኬክሮስ ጋር የተያያዘ ነው። ጣይፍ ከምድር ወገብ 21 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ክረምቷ ይበርዳል። የደማስቆ ጽጌረዳ ያን ብርድ እንደ እንቅልፍ ተኝቶበት በጸደይ በዓመት አንድ ጊዜ ያብባል። ሐረር ግን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ተክሉን የሚያስተኛ ረጅም ብርድ የላትም።

ለእንዲህ ያለ ሰማይ የሚስማሙት የቻይና ጽጌረዳዎችና ከእነርሱ የተወለዱት ናቸው። የቻይና ጽጌረዳዎች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ሲገቡ ይዘውት የሄዱት ትልቁ ስጦታ ደጋግሞ የማበብ ጠባይ ነበር። ከእነርሱ መዳቀል የተገኘው ዘመናዊ ጽጌረዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1867 ጀምሮ ይቆጠራል። ዛሬ በዝዋይና በሆለታ ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎችም የዚሁ የዘር ሐረግ ልጆች ናቸው። እነዚህ የተመረጡት ግን ለረጅም ዘንግና በማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን ለመቆየት ስለሆነ፣ ብዙዎቹ መዓዛቸው ደካማ ነው። ለግቢ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ምሽት ላይ በር ሲከፈት የሚሸት፣ በሽታን የሚችል፣ ውኃ ባጠረ ጊዜ የሚታገሥ።

አያያዙ ቀላል ነው። ብርዱ ሊያስተኛው ስለማይችል ጽጌረዳውን የሚያሳርፈው መቀስ ነው። በጥር መጨረሻ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ብትገርዙ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ፣ የበልግ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ታያላችሁ። ውኃውን በጠዋት ከሥሩ አፍስሱ፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ የተባለው በሽታ ይይዘዋል። በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር መጐዝጐዝ እርጥበቱን ያቆያል። ክሽክሽ ከወጣበት በጣት ማርገፍ ወይም በውኃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ጽጌረዳ፣ ስለ ቀጋ ልናገር። በደጋው ሁሉ እንደ አጥር የምናየው፣ ልጆች ቀይ ፍሬውን ለቅመው የሚበሉት፣ ነጭ አምስት ቅጠል አበባ ያለው ቀጋ እውነተኛ ጽጌረዳ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል፤ ስያሜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ታትሟል። ማንም ሳያጠጣው በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይኖራል። የአበባ እርሻዎች መልካሙን ዝርያ የሚያጣብቁበት ጠንካራ ሥር ከውጭ ሲያስመጡ፣ እኛ ግን ቀጋን ከአጥርነት አልፈን ብዙም አልመረመርነውም።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች አደራ አለኝ። በጀጎል ግቢዎች ውስጥ የደረቁን ዓመታት አልፈው የቀሩ የቆዩ ጽጌረዳዎች አሉ። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቶቻቸው እናቶችና አያቶች ናቸው። በሩን አንኳኩ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቡናም ቢቀርብላችሁ አትቸኩሉ። ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቁራጭ ወስዳችሁ በቀጋ ሥር ላይ አጣብቃችሁ ሞክሩ። ባይሳካ እንኳ ቁራጩን በራሱ ሥር ማብቀል ይቻላል፤ ያ ግቢ ነገ ቢፈርስ ተክሉ አብሮ አይጠፋም።

እናቴ ዛሬ የለችም፤ ሐምራዊው ጽጌረዳ ግን አለ። በግቢው የሚኖሩት አሁንም እዚያው ድንጋይ ላይ ይታጠባሉ።