በቁጥር የተሰወረ ቃል

በተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ጨዋታ፣ ቀጣዩን ስፍራ የሚጠቁመው ቃል ፊደል በፊደል በቁጥር ተለውጦ ሲሰጥ፣ ዘዴው የመተካት ምስጢራዊ ጽሕፈት ይባላል። ለፊደል ቁጥር መስጠት በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ የአውደ ነገሥት ኮከብ ቆጠራም የሰውን ስም በቁጥር ለውጦ ያሰላል። የአማርኛ ፊደል ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ 33ቱ መነሻ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቅርጽ ስላላቸው፣ አንዱን ሆሄ በሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም በሀሁ ተራውና በቅርጹ ደረጃ፣ መሰየም ይቻላልና።

አድማጭ ወረቀት ቢይዝ በድሬዳዋ ስሞች ሊሞክረው ይችላል፤ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ የደረሰው የምድር ባቡር መስመር ጣቢያ የሚገኝበት ከዚራ 17-1፣ 21-3፣ 6-4 ተብሎ ሲጻፍ፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ከሆነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ 4-1፣ 26-4፣ 2-4 ይሆናል። ሁለተኛው ቁጥር ከ7 አለማለፉ ለፈቺው ታላቅ ፍንጭ ነው፤ በመጋላ በዚሁ ሁለተኛ ቁጥር የ4 መደጋገም ሁለት ራብዕ ሆሄያት መኖራቸውን ያጋልጣል።

ብርቱው ችግር በድምፅ የሚመሳሰሉት ፊደላት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ 1፣ 3 እና 13 ስለሚሆኑ፣ አዘጋጁ የተከተለውን አጻጻፍ አስቀድሞ ካላስታወቀ፣ በትክክል ያሰበ ተጫዋች እንኳ ያለጥፋቱ ይሳሳታል።