ከግድግዳው በፊት መደቡ

በአዊ ደጋማ አካባቢዎች፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ በቀድሞው የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ቤቱና የቤቱ ዕቃ በአንድ ጊዜና በአንድ እጅ ይበጁ ነበር። መደብ ማለት ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መቀመጫና መኝታ ነው። መደቡ፣ ምድጃው፣ ጓዳውና የእህል ጎታው የሚያርፉበት ቦታ አስቀድሞ የታሰበ በመሆኑ፣ ጎጆውን የሚያቆመው ሰው እንግዳ የት እንደሚቀመጥ፣ እሳት የት እንደሚነድና ጥጃ የት እንደሚታሰር ግድግዳው ከመማገሩ በፊት ያውቅ ነበር። ቆርቆሮ፣ ብሎኬትና የላሜራ መስኮት ሲመጡ ግን ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ፤ ግድግዳው ይገነባል፣ ወለሉ ሊሾ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ አልጋው፣ ቡፌውና ምጣዱ ቦታ ፍለጋ ይገባሉ። የዚህ ወግ ፍሬ ነገርም የዕቃው ቦታ ከግድግዳው መቅደም አለበት የሚል ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት ፀሐይ ናት። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው። በዚህ አቀማመጥ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች፤ ውርጭ የሚወርድባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራትም በሙሉ በዚህ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማሱ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ ከደቡቡ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ የተሠራ የጣሪያ ክፈፍ ከጠርዙ በታች 90 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ ያጠላል። ከዚያ በታች ያለው የመስኮት ክፍል ሙቀትና ብርሃን ወደ ቤት ያስገባል። ስለዚህ ቤተሰቡ በቀን የሚውልበት ክፍል መስኮቱን ወደ ደቡብ፣ ማልዶ የሚነሣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ወደ ምሥራቅ ቢያደርግ፣ ብርዱ ያለ ከሰል ወጪ ይቀንሳል። የምዕራብ መስኮት በአንጻሩ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያስገባ፣ በፊት ለፊቱ የተቀመጠ ቴሌቪዥን በነጸብራቅ አይታይም፤ በአካባቢው ባለሙያዎች ከቀርከሃ የሚሠራው ወንበርም በየቀኑ ሲመታው ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ልክ ነው። አልጋ በገበያ የሚጠራው በወርዱ ነው፤ «ሜትር ከሃያ» ወይም «ሜትር ከሃምሳ» ይባላል። ወርዱና ርዝመቱ ሦስት ሦስት ሜትር በሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ሜትር ከሃምሳ አልጋ ሲገባ ግማሹን የግድግዳ ርዝመት ይወስዳል፤ ሁለት ሜትር የሚቆመው ቁም ሳጥንም መስኮት በሌለበት ግድግዳ ካልቆመ መስኮቱን ይዘጋዋል። በተለመደው አሠራር ግን መስኮቱ ከውጭ ሲታይ ሚዛን እንዲጠብቅ ተብሎ በግድግዳው መካከል ስለሚቀመጥ፣ በሁለቱም ጎን የሚተርፈው ቦታ ለአልጋውም ለቁም ሳጥኑም አይበቃም። መስኮቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ብሎኬት ርዝመት ያህል፣ ወደ አንድ ጎን ቢሸሽ ችግሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይቀላል። ከፍታውም እንዲሁ በብሎኬት ይቆጠራል፤ የአንዱ ብሎኬት ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ ከአምስተኛው ረድፍ ላይ የሚነሣ መስኮት ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ይህም ከሥሩ ሶፋ ወይም የማድ ቤት ጠረጴዛ ለማስጠጋት ይመቻል።

ሦስተኛው ምክንያት ከማድ ቤት ይነሣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ያህል ኃይል ስለሚጠቀም፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር የሚጠጋ ፍሰት ይስባል። ይህ ለስልክና ለሬዲዮ የተዘረጋ ገመድ ወይም ኤክስቴንሽን የሚሸከመው ጭነት አይደለም። ምጣዱ የራሱ ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ኃይሉን በራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ እንዲሁም ከዚያ የሚነሣ ወፍራም ገመድ ያስፈልገዋል፤ ገመዱ ደግሞ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መቀበር ስላለበት፣ የምጣዱ ቦታ የሚወሰነው እንጀራ ሊጋገር በታሰበበት ቀን ሳይሆን ግድግዳው ገና ብሎኬት ሳለ ነው። ምጣዱ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እንፋሎት ስለሚለቅ መስኮት አጠገብ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ግን ሙቀቱን በጀርባው የሚያስወጣ ስለሆነ ከምጣዱም ከፀሐይም ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳውም ጥቂት ተለይቶ ይቆማል።

በአዊ አካባቢ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ በብዛት ተተክሎ ለከሰል ሲውል ስለቆየ፣ የቡናውና የማሞቂያው ከሰል ጉዳይ ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ አየር ነው፤ በውርጭ ምሽት መስኮቱ ተዘግቶ ፍሙ መኝታ ቤት ሲገባ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የሣር ክዳኑ ጭሱን በራሱ ያሳልፍ ነበር፤ ኮርኒስ የተመታለትና ላሜራ የተገጠመለት ቤት ግን አያሳልፍም። በመሆኑም ረከቦቱ የሚዘረጋበት የሳሎን ጥግ አስቀድሞ ሊታወቅና ከበላዩ የማይዘጋ የአየር መውጫ ሊተውለት ይገባል፤ የከሰል ፍም ግን መኝታ ቤት መግባት የለበትም።

ይህ አስተሳሰብ በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። ኦስትሪያዊቷ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ ቤቶች የነደፈችው ማድ ቤት፣ የቤቱ እመቤት ከምድጃ ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ መደርደሪያ የምትራመደውን እርምጃ በመቁጠር ዕቃውንና ክፍሉን በአንድነት ያቀደ ነበር። የአዊ ጎጆ መደቡን ከግድግዳው ጋር ሲሠራ ያደረገው ከዚህ በመንፈሱ የራቀ አይደለም።

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የግንባታ ፈቃድ ከፕላን ጋር እንዲጠየቅ ተደንግጎ ነበር፤ በፕላኑ ላይ አልጋውንና ምጣዱን በልካቸው በእርሳስ መሳል ወጪ የለውም። ሥዕል ማንበብ ለሚቸግረው ቤተሰብ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ችካል ተተክሎ ሲባጎ በተወጠረ ማግሥት፣ ቁፋሮ ሳይጀመር፣ ባልና ሚስት በሲባጎው ውስጥ ገብተው የአልጋውን፣ የቡፌውንና የምጣዱን ዙሪያ በድንጋይ ያመልክቱ፣ በመካከሉም ይመላለሱ። የሚጠብ መተላለፊያ ካለ በዚያ ቀን የሚነሣው ድንጋይ ነው፤ ከዓመት በኋላ ግን የሚፈርሰው ግድግዳ ይሆናል።