ስለ ዓይን ማዝና ስለ ሕክምናው የተነገረ ቃል



ጦቢት ዓይኑ የታወረው የወፍ ኩስ ወድቆበት እንደ ሆነ፥ የዳነውም በዓሣ ሐሞት እንደ ሆነ በመጽሐፉ ይነበባል። መልአኩ ሩፋኤልም ልጁን ጦብያን ሐሞቱን እንዲይዝ አዘዘው እንጂ ጸሎት ይበቃል ብሎ መድኃኒቱን አላስጣለውም። ጸበል እየተጠመቀ ወደ ሐኪም መሄድን እንደ ክሕደት የሚቈጥር ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ደግሞ ያንብብ።

ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ግን የዓይን ጠላት የወፍ ኩስ ሳይሆን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። የሕመሙ ዘር ከሕፃን ዓይናር ተነሥቶ በእጅ፥ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ወደ ሌላው ዓይን ይሻገራል። አንድ ጊዜ ቢይዝ አያሳውርም፤ እየተመላለሰ ሲይዝ ግን የዓይን ቆቡ ውስጡ ይጠባሰሳል፥ ይኰማተራል፥ ወደ ውስጥም ይቀለበሳል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቍጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። ሕፃን አቅፈው የሚውሉት እናቶች ናቸውና ይህ መከራ ይልቁንም በሴቶች ላይ ይበዛል።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ምርመራ በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት 100 ሕፃናት ከ60 የሚበልጡት ማዝ ተገኘባቸው። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው በነጻ ሲታደል በብዙ ወረዳ ሕመሙ ቀንሷል፤ ገና ግን አልጠፋም። «ልጄ ደኅና ነው፥ ስለ ምን ይውጣል?» የሚሉ አሉ። ዘሩ ሳይታወቅ በጤነኛ መሳይ ዓይን ይደበቃልና መድኃኒቱ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ቢቀር የዳነው ተመልሶ ይያዛል። ፊትን ማጠብም ውኃ አነሰ ተብሎ አይተው፤ በአንድ ጣሳ ውኃ የብዙ ሕፃናት ፊት ይታጠባል።

ቆቡ የተቀለበሰበት ሰው ልማዱ ወረንጦ ነው። ወረንጦ ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ጠጕሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፥ አጭርና ሻካራም ሆኖ ይብሳል። የቅጠል ጭማቂ በዓይን ማንጠብማ ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። የሚረዳው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቆቡ በመርፌ ደንዝዞ ወደ ውጭ ይመለሳል፥ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል። ክረምቱ ይውጣ፥ ገብሱ ይታጨድ እያሉ የሚያዘገዩ ግን ይወቁ፤ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ ጠባሳ ያጠፋውን አይመልስም።

ሞራ ከዚህ ይለያል። ሞራ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ብዛት ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የጠራ አካል ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ብርሃን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ሽማግሌውን እርጅና ነው ብሎ በምድጃ ዳር ማስቀመጥ አይገባም። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ፥ በደሴ አጠገብ፥ የዓይን ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለበት፤ በበቅሎም ባይሆን በመኪና ይደረሳል።