ጨው ሥርን ሲያስጠማ
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እድራችን የቆመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ይሁን እንጂ የብዙዎቻችን መዋጮ ከማሳ የሚወጣ ስለሆነ ስለ ማሳ መነጋገራችን ከደንባችን አያስወጣንም። «በጎጆ ደጋ ላይ ጨው ምን ሊሠራ መጣ?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እንደርስበታለን።

አዋሽ ከእኛው አገር፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚያም በመልካ ሰዲና በአሚባራ በመስኖ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ለሙ። ውሃው ገባ፤ በቂ መውጫ ግን በጊዜው አልተበጀለትም። ከዚህም የተነሣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨዉ ከአፈሩ ላይ ቀረ። ስንት ያበላ መሬት ነጭ ለብሶ ጦም አደረ።

ጨው ሥርን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛው ጥም ነው። ቋንጣ ጨው ሲነካው ውሃውን እንደሚለቅ ሁሉ፣ ጨው የበዛበት አፈርም ውሃውን ለሥር አይሰጥም። መሬቱ ረጥቦ ሳለ ሰብሉ ይጠወልጋል። ሁለተኛው ረኀብ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የፖታሲየምንና የካልሲየምን መግቢያ ይሻማል፤ ምግቡ አጠገቡ እያለ ሰብሉ ይቀጭጫል። ገብስና ጥጥ ከባቄላና ከድንች ይልቅ ይችሉታል።

ወደ እኛ እንመለስ። የደጋው ዝናብ ጨዉን አጥቦ ይወስዳል፤ ግን ካልሲየሙንም አብሮ ስለሚወስደው አፈሩ ይኮመጥጣል። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዛል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። በሽታው ሌላ ነው፤ የሥሩ ረኀብ ግን ያው ነው።

ማዳበሪያም ቢሆን ሲሟሟ እንደ ጨው ነው። ድንች ስንተክል ከዘሩ ጋር አነካክተን ካፈሰስነው፣ በተለይ እርጥበት ሲያንስ፣ ለጋውን ሥር ያቃጥላል። በመካከሉ አፈር ጣል ማድረግ ይበቃል።

እንግዲህ ቅጠሉ በገረጣ ቁጥር «ማዳበሪያ አነሰው» ብለን ተበድረን አንጨምር። ሥሩ ከታመመ ማዳበሪያው ይባክናል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። መጀመሪያ አንዱን ነቅለን ሥሩን እንይ፤ አጭርና ደንደን ያለ፣ ቀጫጭን ጅማት የሌለው ከሆነ አፈሩ ይመርመር። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስደን፣ ቀላቅለን፣ በጥላ አድርቀን አንድ ኪሎ ያህል እናቅርብ። ኮምጣጣ ከተባለ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱም ከመዝራት አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈር ጋር ይደባለቃል።

ለየብቻ መመላለሱ ወጪ ነው። ስለሆነም ጥሩንባ ነፊያችን አንድ ቀን ለፍፎልን፣ የሁላችንንም አፈር ባንድነት ሰብስበን ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች ጉባኤው ዛሬውኑ እንዲመርጥ እንጠይቃለን።